የምንመርጠው እኛ ነን ወይስ ይመረጥልናል?



በቅርቡ ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጠብቃ አነጋገረችኝ። የአሥራ አምስትና የዘጠኝ ዓመት ልጆች አሏት። «አባ፥ ልጆቹ በስልኬ ፊልም ማየት ይፈልጋሉ። አንዱን አፕ ስጭንላቸው ሌላውን ይጠይቁኛል። የትኛው ይሻላል ይላሉ?» አለችኝ። «አስቤበት እነግርሻለሁ» ብዬ አሰናበትኋት። ጥያቄዋ ግን መጀመሪያ እንደ መሰለኝ ቀላል ሆኖ አላገኘሁትም። ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት ለእርሷ የሚገባውን መልስ ለመፈለግ ነው።

እንዲህ ላለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልስ የሚሰጠው በሒሳብ ነው፤ ሒሳቡም የሚናቅ አይደለም። ኔትፍሊክስ ራሱ ለደንበኞቹ በሚሰጠው መመሪያ እንደሚገልጸው፥ በመደበኛ ጥራት አንድ ሰዓት ማየት 1 ጊጋባይት ገደማ፥ በከፍተኛ ጥራት ደግሞ እስከ 3 ጊጋባይት ይፈጃል። የኢንተርኔት ጥቅል የምትገዛው ከአስቤዛ ገንዘብ ቀንሳ ለሆነች እናት ይህ ልዩነት ከማዕዷ የሚጎድል ነው። ስለዚህ የምስሉን ጥራት ዝቅ ለማድረግ የሚፈቅድ፥ ዋይፋይ ባለበት ቦታ አውርዶ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ለማየት የሚያስችል መተግበሪያ ይመረጣል። ክፍያውም መታየት አለበት። አንዳንዱ በየወሩ ገንዘብ ያስከፍላል፤ እንደ ዩቲዩብ ያለው ደግሞ ያለ ክፍያ ይከፈትና ዋጋውን ከማስታወቂያ ይሰበስባል። ይህኛውን በነጻ ያገኘነው ይመስለናል እንጂ የምንከፍለው በዓይናችንና በሰዓታችን ነው።

ይሁን እንጂ ከሒሳቡ በፊት የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ። አሪስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ ምርጫ ማለት ወደ ግብ የሚያደርሰውን መንገድ መምረጥ እንደ ሆነ አስተምሯል። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖም በ13ኛው ምዕተ ዓመት ይህንኑ ተቀብሎ አስፋፍቶታል። እንግዲህ ግብ በሌለበት ምርጫ ሊኖር አይችልም ማለት ነው። ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው ከአውቶቡሶቹ መካከል የሚሻለውን ይመርጣል። የሚሄድበትን ያልወሰነ ሰው ግን በመናኸሪያው ቆሞ ረዳቱ ጮኾ በጠራው መኪና ይሳፈራል። ይህ ሰው ማንም ሳያስገድደው ተሳፍሯል፤ ሆኖም መረጠ ለማለት ያስቸግራል።

ለዚህ ምሳሌ ሩቅ መሄድ አያሻኝም። አንድ ምሽት ከ3 ሰዓት በኋላ ስለ ዓባይ ወንዝ የተሠራ የአርባ ደቂቃ ዘጋቢ ፊልም ለማየት ስልኬን ከፈትሁ። ፊልሙ መልካም ነበረ። እንዳለቀ ግን ስለ ሌላ ወንዝ የሚናገር ተከተለ፤ ቀጥሎ ስለ አዞ፥ ከዚያም ከወንዝ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ነገር መጣ። ቀና ብዬ ሰዓቱን ስመለከት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሆኖ ነበር። በማግሥቱ ማለዳ አልጋ ላይ ለዋሉ አንድ አረጋዊ ቅዱስ ቁርባን ላደርስላቸው ቃል ገብቼ ነበርና ሁለት ሰዓት ዘግይቼ ደረስሁ። እርሳቸው ታጥበው፥ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፥ ትራስ ተደግፈው ይጠብቁኝ ነበር። አልተቆጡኝም። «አባ፥ አመመዎ እንዴ ብዬ ሰጋሁ» ብቻ አሉኝ።

ያን ሌሊት ያየሁት ክፉ ነገር አልነበረም። ጥፋቱ በፊልሙ ይዘት ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ ነበር፤ ክፉውን ለይቶ መዝጋት ይቻላልና። እኔ የመረጥሁት አንዱን ፊልም ብቻ ነው። የቀሩትን አልመረጥኋቸውም፥ ሆኖም አልከለከልኋቸውም። ታዲያ ማን መረጠልኝ?

የመረጠልኝ መሣሪያው ነው። መሣሪያው ቀድሞ ያየሁትን መዝግቦ፥ የእኔን የመሰሉ ሌሎች ሰዎች ያዩትን አነጻጽሮ፥ ሳልነሣ ሊያቆየኝ የሚችለውን ይደረድርልኛል። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ አንድ የዩቲዩብ ከፍተኛ ኀላፊ ሰዎች በዚያ ከሚያሳልፉት የማየት ጊዜ ከ70 በመቶ የሚበልጠው መሣሪያው በሚያቀርበው ጥቆማ የሚመራ መሆኑን ተናግረዋል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፥ በ2017፥ የኔትፍሊክስ መሪ ድርጅታቸው የሚፎካከረው ከሰው እንቅልፍ ጋር እንደ ሆነ ገልጸው ነበር። እኒህ ሰዎች ነገሩን አልደበቁም። የእኔ ግብ የአርባ ደቂቃ ዕውቀት ነበረ፤ የመሣሪያው ግብ ግን እኔ እንዳልነሣ ነበረ። ግቤን አጥብቄ ስላልያዝሁት ለእርሱ ግብ መንገድ ሆንሁ።

«መጽሐፍስ ሌሊቱን ሙሉ ያስነብብ የለምን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን የመጽሐፉን ገጽ የሚገልጠው የአንባቢው እጅ ነው። ቀድሞ በሲኒማ ቤት ፊልሙ ሲያልቅ መብራት ይበራል፥ ሕዝቡም ይወጣል። በ1957 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንም በቀድሞው ዘመን የምሽቱን ዝግጅት ፈጽሞ ይዘጋ ነበር። ያን ጊዜ ሰው ከዛሬው ይልቅ ራሱን የገዛ ስለ ነበረ አይደለም፤ ማብቂያውን ሌላ ስለሚያበጅለት ነው። ዛሬ ግን ነገሩ ተገልብጧል። ለመቀጠል ምንም ማድረግ አያስፈልግም፤ ለማቆም ግን መወሰን ያስፈልጋል። ደክሞ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ከሁሉ የሚያንሰው የመወሰን ኀይል ነው።

ይህን ስል መሣሪያውን ለማውገዝ አይደለም። ከቤት መውጣት የማይችል በሽተኛ ዓለምን ያይበታል፤ ጆሮው የማይሰማ ሰው ከምስሉ በታች የተጻፈውን እያነበበ ታሪኩን ይከታተልበታል፤ በቤይሩት ወይም በሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ እኅታችን በገዛ ቋንቋዋ የተሠራ ድራማ አይታ ናፍቆቷን ታስታግሥበታለች። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ መገናኛ ብዙኃን ባወጣው ድንጋጌ እነዚህን መሣሪያዎች እንደ መልካም ስጦታ ተቀብሏቸዋል። ዳሩ ግን ኀላፊነቱን በአዘጋጆቹ ላይ ብቻ አልጣለም፤ ተመልካቹ የሚቀበለው በነጻ ምርጫው ስለ ሆነ የራሱ ግዴታ እንዳለበት፥ ወላጆችም በቤታቸው የሚገባውን እንዲጠብቁ አሳስቧል። እኛ ዛሬ የምንጨምረው ነገር ቢኖር፥ ያ ነጻ ምርጫ ራሱ ጥበቃ የሚያሻው ሆኖ መገኘቱን ነው።

እንግዲህ ለዚያች እናት እንዲህ ብዬ እመልሳለሁ። ብዙ ፊልም ያለበትን ሳይሆን ማቆም የሚያስችለውን ምረጪ። ከመጫንሽ በፊት ሦስት ነገር ተመልከቺ። መጀመሪያ፥ አንዱ ሲያልቅ ሌላው በራሱ እንዳይቀጥል መዝጋት ይቻላልን? በኔትፍሊክስም ሆነ በዩቲዩብ ይቻላል። ዩቲዩብ እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2021 ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 17 ለሆኑ ተጠቃሚዎች ይህ አሠራር ከመነሻው ዝግ እንዲሆን መወሰኑን አስታውቋል። ነገር ግን ልጅሽ በአንቺ ስም በተከፈተ ስልክ ሲያይ መሣሪያው የሚያውቀው አንቺን ነውና፥ ሄደሽ በእጅሽ ዝጊው። ሁለተኛ፥ ለታናሹ ልጅ ለብቻው የሚሆን ክፍል አለውን? ሦስተኛ፥ አስቀድሞ አውርዶ ማየት ይቻላልን? ያወረድሽው ፊልም መጀመሪያና መጨረሻ አለውና።

ከዚህም በኋላ አንዲት ልማድ በቤትሽ ይኑር። ስልኩ ከመከፈቱ በፊት ልጁ የሚያየውን ፊልም ስምና ርዝመቱን በቃሉ ይንገርሽ። ይህን መናገር ከቻለ መርጧል። መናገር ካልቻለ ግን ገና በመናኸሪያው ቆሞ ጠሪውን እየጠበቀ ነውና ፊልሙን ከመክፈት በፊት ምን እንደሚሻ እንዲያስብ እርጂው። ቢቻል አብረሽው ተቀምጠሽ እዪ፤ ሲያልቅም ስለ ታየው ተጫወቱ። ቀድሞ ሲኒማ ቤቱ ያበራው የነበረውን መብራት አሁን የምታበሪው አንቺ ነሽ።

እኔም በስልኬ ላይ ያን በራሱ የሚቀጥል አሠራር ዘግቼዋለሁ። አሁን አንዱ ፊልም ሲያልቅ ምስሉ ይቆማል፥ ክፍሉም ጸጥ ይላል። በዚያች ጸጥታ ውስጥ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው የጠበቁኝ አረጋዊ ትዝ ይሉኛል፤ ስልኬንም አስቀምጬ እተኛለሁ።