ስለ ዘነጉ አረጋውያን የእጅ ሥራ

በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ አንዲት እናት የልጃቸውን ስም ረስተዋል እንበል። ነገር ግን ፎጣ በያዙ ጊዜ ጫፉን ከጫፉ አስተካክለው ያጥፋሉ፤ ፊታቸውም ይበራል። አስታማሚዪቱ ማታ ፎጣውን ሁሉ ዘርግታ፥ አመሳቅላ፥ በማግሥቱ ያንኑ «እማማ፥ እስቲ ያግዙኝ» እያለች ታቀርብላቸዋለች። እንግዲህ ይህ ምሕረት ነውን፥ ወይስ ሽንገላ?

ሕመምተኛን በሥራ ማከም፥ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1917 ዓ.ም. በአሜሪካ ማኅበር የቆመለት ሙያ ነው። ሕዝባችን «ጃጀ» ለሚለው ሰው የሚረዳበትም ምክንያት አለው። አልዝሃይመር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ1906 ዓ.ም. ለጉባኤ የገለጠው በሽታ አስቀድሞ የሚጎዳው አዲስ ነገር ተቀብሎ የሚያኖረውን የአንጎል ክፍል ነው፤ መፍተልንና ምስር መልቀምን የመሰለውን የእጅ ልማድ የሚመራው ክፍል ግን ብዙውን ጊዜ ቈይቶ ይጎዳል። የትናንት ምሳውን የረሳ መሪጌታ ዜማውን ሳያሳስት ሲያወጣ የሰማ ሰው ይህን አይክድም።

ፎጣውን ማመሳቀል አያስነቅፍም የሚሉ ሰዎች፥ ሥራው ራሱ መድኃኒት ከሆነ ፍሬው ምን ያደርጋል ይላሉ። ምስክርም አላቸው፤ ዮሐንስ ካሲያን እንደ ጻፈው፥ አባ ጳውሎስ የተባለው መነኩሴ ከከተማ የሰባት ቀን መንገድ በራቀ በረሃ ተቀምጦ፥ የሚሸጥበት ገበያ ሳይኖረው የዘንባባ ቅጠል እየሰበሰበ ሲሠራ ይከርም ነበር፤ ዋሻውም በሞላ ጊዜ የዓመቱን ድካም በእሳት ያቃጥለው ነበር። እኔም በዚህ ምስክር ጥቂት ዘመን ተረትቼ ነበር።

ነገር ግን እሳቱን የለኰሰ ራሱ አባ ጳውሎስ ነው። የእናታችንን ፎጣ የሚያመሳቅል ሌላ ሰው ነው፤ ያውም ተሰውሮ። እርሳቸው አለማወቃቸውም ነገሩን አያጸድቀውም፤ እንዲያማ ቢሆን በዕውር ፊት ማሾፍም በተፈቀደ ነበር።

እንግዲህ የታጠፈው ፎጣ ወደ መታጠቢያው ቤት ይሂድ፤ የተለቀመውም ምስር ወደ ድስት ይግባ። በኔዘርላንድ፥ ቬስፕ በምትባል ከተማ፥ በ2009 ዓ.ም. በተከፈተው ሆኸቬይክ በተባለው የሕሙማን መንደር ነዋሪዎቹ ከአስታማሚዎቻቸው ጋር ወደ መንደሩ ሱቅ ወርደው ይገዛሉ፤ ምግቡም በየቤታቸው ይበስላል። ይህ ድካም የለበትም አልልም። የእናታችን ዓይን ስለ ደከመ በምስሩ ውስጥ ድንጋይ ይቀራል፤ አስታማሚዪቱም ደግማ መልቀም አለባት። እምቢ ባሉ ቀን ደግሞ ማንም አያስገድዳቸው፤ ደመወዝ የማይከፈላቸው አገልጋይ አይደሉምና። ነገር ግን ድንጋዩን ማውጣት ሥራቸውን መፈጸም ነው እንጂ ማፍረስ አይደለም። ወጡ በቀረበ ጊዜም አስታማሚዪቱ «ምስሩን የለቀሙት እማማ ናቸው» ብትል ሐሰት አልተናገረችም።