ልቡና ለሁሉ ከተሰጠ

ፈላስፋው ዘርዓ ያዕቆብ ከአክሱም ሸሽቶ በዋሻ ከተደበቀ በኋላ፣ የሱስንዮስ ዘመን ሲያልፍ ኑሮውን የመሠረተው እንፍራንዝ ነው። ሀብቱ በሚባል ባለጸጋ ቤት መጻሕፍት እየጻፈ የባለጸጋውን ልጆች አስተማረ። በስሙ የሚጠራው ሐተታ የሌላ ሰው ድርሰት ነው የሚሉ ምሁራን አሉ፤ ክርክሩ ለእነርሱ ይቆይ። ፈጣሪ ልቡናን ለሰው ሁሉ ሰጥቷል የሚለው የሐተታው ሐሳብ ግን ጥያቄ ይወልዳል፦ ልቡና ለሁሉ ከተሰጠ፣ አንጎል ሲታመም ሕክምናው ለምን የጥቂቶች ይሆናል?

ይህን ጥያቄ ይዘው ባሕር የሚሻገሩ ሐኪሞች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የአንጎል ጤና ተቋም፣ በደብሊኑ ትሪኒቲ ኮሌጅና በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ከየአገሩ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። ትኩረቱ የመርሳት በሽታና በአንጎል ጤና ያለው አድልዎ ነው።

ተቃዋሚ ይነሣል፦ የሚጥል በሽታን የሚያስታግሰው ፊኖባርቢታል እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ የታወቀ ርካሽ ክኒን ነው። በጎንደርና በጅማ ዙሪያ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ነርሶች ሕመምተኞችን ተከታትለው ማከም እንደሚችሉ በተግባር ታይቷል። የጎደለው የማይቋረጥ ክኒን ከሆነ፣ ስፔሻሊስቱ ደብሊን ምን ይሠራል?

ለሚጥል በሽታ ተቃውሞው ልክ ነው። መርሳት ላይ ግን አይጸናም። በዓለም የተለመደው የ30 ነጥብ የማስታወስ ምርመራ ታማሚው ቀኑን እንዲናገር፣ አንብቦ የታዘዘውን እንዲፈጽም፣ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፍ፣ ሥዕል እንዲገለብጥ ያዝዛል። ብዕር ጨብጠው የማያውቁ እናት ነጥብ የሚጥሉት አእምሯቸው ስለደከመ ላይሆን ይችላል። «ዛሬ ሚካኤል ነው» ቢሉ ወሩ በገባ 12ኛ ቀን መሆኑን በትክክል ተናግረዋል፤ ባዕድ መርማሪ ግን ስሕተት ብሎ ይመዘግባል። ፊደል ያልቆጠረውን ሁሉ ድውይ የሚያደርግ ሚዛን ራሱ አድልዎ ነው። ሚዛኑን ማረም የሚችለው ደግሞ የመርማሪውን ሳይንስም የእናቲቱንም አነጋገር የሚያውቅ ሰው ነው፤ እርሱ ከተመራማሪዎቹ ጋር ተቀምጦ ቢከራከር ጉዞው አልባከነም።

እንግዲህ የምፈርደው እንዲህ ነው። የሐኪሙን የውጭ ቆይታ ከፍሎ፣ ሲመለስ ለሚሠራው ምርመራና ለነርሶቹ ሥልጠና በጀት የማይዝ የሥልጠና ዕድል የግለሰብ ሽልማት ነው። ስለ ፍትሕ ነው የሚለው ከፋይ ሁለቱን በአንድ ውል ይጻፍ።