የሰው ልጅና የእኔ ልጅ

ቅዳሜ ጠዋት አሮጌ ቱታዬን ለብሼ ወደ ጋራዡ ስወርድ ባለቤቴ፣ «ወደ ጣዖትህ ልትሄድ ነው?» ትለኛለች። ጣዖት የምትለው ባለሁለት ሲሊንደሯን ሆንዳ ሞተር ብስክሌቴን ነው። ቀልዷ ከእውነት እምብዛም የራቀ አይደለም። ዘይት እለውጣለሁ፤ የጎማዎቹን አየር እለካለሁ፤ የፍሬኑን ሸራ ውፍረት አያለሁ፤ ካንዴላዎቹን ነቅዬ፣ የበሽተኛ ምላስ እንደሚያይ ሐኪም፣ ቀለማቸውን በብርሃን ፊት እመረምራለሁ። ቀላ ያለ ቡኒ ከሆነ ሞተሩ ጤናማ ነው፤ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል፤ ከነጣ ደግሞ ከልክ በላይ እየጋለ ነው። ሙያዬ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ስለሆነ ከሰኞ እስከ ዓርብ በእጄ የሚገቡት መሰርሰሪያና ብሎን ከቅዳሜዎቹ ብዙም አይለዩም። ከምጠግናቸው አጥንቶች ጥቂት የማይባሉት ባለቤቶቻቸው በዚሁ ዓይነት ሞተር ላይ ሳሉ የተሰበሩ መሆናቸውንም ልደብቅ አልችልም።

አንድ ቅዳሜ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጄ የጋራዡን በር ተደግፎ ሲመለከተኝ ቆየና፣ «አባዬ፣ የሞተር መንጃ ፈቃድ ላወጣ አስቤአለሁ» አለኝ። ቀና እንኳ ሳልል «አይሆንም» አልሁት። ምክንያቱን ሲጠይቀኝ የማውቀውን ሁሉ ዘረገፍሁለት፤ አራት ቦታ ስለሚሰበር የጭን አጥንት፣ እንደ መጽሐፍ ስለሚገለጥ ዳሌ፣ ነርቮቹ ከሥራቸው ተመንግለው ዕድሜ ልኩን እንደ ባዶ እጅጌ ስለሚንጠለጠል ክንድ ነገርሁት። በትዕግሥት አዳመጠኝ። ከዚያም፣ «በየዓመቱ ባሕር ተሻግረህ የምታያቸውስ?» አለኝ፤ «እነሱ የሰው ልጆች አይደሉም?»

ልጄ አማርኛን የተማረው በእንግሊዝ አገር፣ በወጥ ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። «የሰው ልጅ» የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ስለት እንዳለው፣ አዳምን ሁሉ አንድ የሚያደርገው ቃል ዞሮ ደግሞ «የእኔ ያልሆነ፣ የሌላ ሰው ልጅ» ማለት እንደሚሆን አስቦበት የተናገረ አይመስለኝም። እኔን ግን ሁለቱም ስለት አገኙኝ። ያን ዕለት መልስ አልነበረኝም። ይህን የምጽፈውም ያጣሁትን መልስ ስፈልግ ነው።

ልጄ የጠቀሰው በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ባለችው በአይል ኦፍ ማን ደሴት፣ በሜይ መጨረሻና በጁን መጀመሪያ የሚካሄደውን፣ ቲቲ ተብሎ የሚጠራውን የጎዳና ውድድር ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ውድድሩ የተጀመረው በ1907 ሲሆን፣ ከ1911 ወዲህ ተራራ ወጥቶ በሚመለሰው ጎዳና ይሄዳል። አንዱ ዙር ከ60 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ ከ200 በላይ መታጠፊያዎችም አሉት። ጎዳናው ለውድድር ተብሎ የተሠራ አይደለም። በሌላው ቀን የጭነት መኪናና የተማሪዎች አውቶቡስ የሚሄዱበት መንገድ ነው፤ ግራና ቀኙ የድንጋይ አጥር፣ የመብራት ምሰሶ፣ የመጠጥ ቤት ግድግዳ ነው። ተወዳዳሪዎቹ በ10 ሰከንድ ልዩነት አንድ አንድ እየሆኑ ስለሚለቀቁ የሚሽቀዳደሙት ከሰው ይልቅ ከሰዓት ጋር ነው። በ2023 ፒተር ሂክማን አንዱን ዙር በሰዓት 219 ኪሎ ሜትር ጨርሶታል። ይህ አማካዩ ነው፤ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ከ300 ይበልጣል። በዚህ ጎዳና ላይ ከ1911 ጀምሮ በልዩ ልዩ ውድድሮችና ልምምዶች የሞቱት ከ260 በላይ ናቸው።

እኔ የምቀመጠው ባላው በምትባለው መንደር፣ ከድልድዩ አጠገብ ነው። መጀመሪያ ከሩቅ፣ ከዛፎቹ ወዲያ፣ እንደ ንብ ያለ ድምፅ ይሰማል። ድምፁ እየወፈረ ሲመጣ በዙሪያህ የነበረው ወሬ ሁሉ ይቋረጣል። ከዚያ ሞተሩ ድልድዩ ላይ ይወጣና ሁለቱም ጎማዎች መሬቱን ይለቃሉ፤ ለአንድ ቅጽበት ሰውና ብረት በአየር ላይ ተንሳፍፈው ይታያሉ። የኋላ ጎማው ቀድሞ ያርፋል፤ ነፋሱ ፊትህን በጥፊ መትቶህ ያልፋል። ይህን ውበት አላየሁም ብል እዋሻለሁ። ቀዶ ሕክምና በሚያስተምሩኝ አንጋፋ ሐኪሞች እጅ ላይ ያየሁት፣ ከሐሳብ የቀደመ የእጅ ዕውቀት እዚያም አለ።

በ2022 ስድስት ሰዎች ሞቱ። ጁን 10 ቀን፣ ሁለት ሁለት ሰው በሚቀመጥባቸው ባለጋሪ ሞተሮች ውድድር፣ አባትና ልጅ በአንድ ሞተር ላይ ሳሉ በሁለተኛው ዙር መጀመሪያ ላይ ወድቀው ሁለቱም አረፉ። ያን ዕለት ከድልድዩ አጠገብ ነበርሁ። በመጀመሪያው ዙር በፊቴ አልፈዋል፤ ከዚያ በኋላ አላለፉም። ሳንዱች እየበላሁ ነበር። አንድ ሞተር መጉደሉን አላስተዋልሁም፤ የሰማሁት ማታ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ውድድሩ ባሰብሁ ቁጥር ከውበቱ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ያ ሳንዱች ነው። በሆስፒታል አንድ በሽተኛ ከአልጋው ቢጠፋ በደቂቃ ውስጥ የማውቅ ሰው፣ እዚያ ግን አባትና ልጅ ከዓይኔ ሲጎድሉ ሁለተኛውን ቁራሽ እያነሣሁ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ «አንተ ራስህ ሞተር ትነዳ የለም ወይ?» ትለኝ ይሆናል። እነዳለሁ። በ1987 ለሕክምና ትምህርት ወደ ምሥራቅ ጀርመን፣ ላይፕሲግ ስላክ የ18 ዓመት ልጅ ነበርሁ። ከአንድ የአገሬ ልጅ ጋር ገንዘብ አዋጥተን ያገለገለች ኤምዜት ገዛን፤ አንድ እጅ ዘይት በሃምሳ እጅ ቤንዚን ቀላቅለን የምናጠጣት፣ ሰማያዊ ጭስ እየተፋች የምትሄድ ነበረች። (የዚሁ ፋብሪካ ተወዳዳሪ የነበረው ኤርንስት ደግነር በ1961 በስዊድን ውድድር ላይ ሳለ ከድቶ፣ የሞተሩን ምስጢር ለጃፓኑ ሱዙኪ ይዞ መሄዱን፣ በማግስቱም ዓመት በዚያው በአይል ኦፍ ማን ማሸነፉን ጀርመኖቹ በሹክሹክታ ያወሩልን ነበር። ለስደተኛ ጆሮ የሚጥም ወሬ ነው።) በ1990 የተቀበለኝ መንግሥት፣ በ1991 የላከኝ መንግሥት ፈረሱ፤ ኤምዜታችን ግን ጠዋት ጠዋት ትነሣ ነበር። ስደተኛ ሁልጊዜ በሁለት ቦታ ነው፤ እግሩ እዚህ፣ ልቡ እዚያ። ሞተር ላይ ስቀመጥ ግን አንድ ቦታ ብቻ እገኛለሁ፤ ከፊቴ ባለው መታጠፊያ። ለዚህ የምከፍለውን ዋጋ በገዛ እጄ ያጠበቅሁትን ብሎን ያህል አውቀዋለሁ። ባለቤቴና ልጄም የዕዳው ተካፋዮች መሆናቸውን አልክድም፤ ዋናው ባለዕዳ ግን እኔ ነኝ። በድልድዩ አጠገብ ስቀመጥ ዕዳው የሌላ፣ ደስታው የእኔ ይሆናል።

ለልጄ ልሰጠው ያሰብሁት የመጀመሪያ መልስ ፈቃድ ነበር። ማንም አላስገደዳቸውም። ጆን ስቱዋርት ሚል በ1859 ስለ ነፃነት ባሳተመው ድርሰቱ፣ ዐዋቂን ሰው ለራሱ ጥቅም ሲባል ማስገደድ እንደማይገባ ተከራክሯል፤ እኔም አምንበታለሁ። በሰሜን አየርላንድ ደንሎፕ የሚባል ቤተ ሰብ አለ። ጆይ ደንሎፕ በአይል ኦፍ ማን 26 ጊዜ አሸንፏል፤ በራሱ መኪና ምግብና ልብስ ጭኖ በሩማንያና በቦስንያ ላሉ ወላጅ አልባ ሕፃናት ያደርስ የነበረ ሰው ነው። በ2000 በኤስቶንያ በውድድር ላይ ሞተ። ወንድሙ ሮበርት በ2008 በልምምድ ላይ ሞተ። የሮበርት ልጅ ማይክል አባቱ በሞተ በሁለተኛው ቀን፣ በዚያው ጎዳና ተወዳድሮ አሸነፈ። ሌላው የሮበርት ልጅ ዊልያም በ2018 ሞተ። ማይክል እስከ ዛሬ ይነዳል፤ ከ2024 ወዲህ በድል ብዛት አጎቱን በልጧል። ይህን ሰው «አታውቅም፣ አልገባህም» ብሎ የሚነግር ማን ነው? ጣልያናዊው ጃኮሞ አጎስቲኒ በበኩሉ ጓደኛው ጂልበርቶ ፓርሎቲ በ1972 ሲሞት፣ እዚያ ዳግም አልወዳደርም ብሎ ሄደ፤ ቃሉንም ጠበቀ። ሁለቱም ነፃ ሰዎች ናቸው። አባትና ልጁ የወደቁበት ቦታ የሚጠራው በአጎስቲኒ ስም ነው።

ነገር ግን የሚል ክርክር የሚመልሰው ከልካዩን ነው እንጂ ተመልካቹን አይደለም። እኔ ደግሞ ከልካይ አይደለሁም። የልጄ ጥያቄ «ሊነዱ ይገባቸዋልን?» የሚል አልነበረም፤ «አንተ ልትደሰትበት ይገባሃልን?» የሚል ነበር። የሟቹ ፈቃድ ለሟቹ ነው። የእኔን ደስታ ሊመርቅልኝ አይችልም።

ሁለተኛው መልስ፣ «ሞታቸውን አንሻም» የሚለው ነው። አውግስጢኖስ በኑዛዜው ስድስተኛ መጽሐፍ ስለ ወዳጁ ስለ አሊጵዮስ ይተርካል። ጓደኞቹ በሮም የሰይፈኞች ፍልሚያ ወደሚታይበት ቦታ በግድ ሲወስዱት ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ፤ ሕዝቡ ሲጮኽ ግን ገለጠው፤ ከዚያም ሊነቅለው አልቻለም። እኔ አሊጵዮስ አይደለሁም ብዬ ስጽናና ኖሬአለሁ። እዚያ ደም የሚሹ ነበሩ፤ እዚህ ሰው ሲወድቅ ሕዝቡ ሁሉ ኮፍያውን ያወልቃል። ይህ እውነት ነው። ሆኖም ራሴን አንድ ነገር ጠየቅሁ። በዓለም ያሉት ብርቱ ሞተረኞች በተዘጋ የውድድር ሜዳ፣ የወደቀ ሰው አሸዋ ላይ ተንከባልሎ ተነሥቶ በሚሄድበት ቦታ ይወዳደራሉ። ሲልቨርስቶን የሚባለው ሜዳ ከቤቴ በመኪና የጥቂት ሰዓት መንገድ ነው። ጥበቡ ከደሴቲቱ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። አንድ ጊዜ ብቻ ሄጄ አሰልቺ ሆኖብኝ ተመለስሁ። ምን ጎደለበት? ግድግዳው ነው የጎደለው። ሞታቸውን አልሻም፤ ሞት በክንድ ርቀት እንዲቆም ግን እሻለሁ። ይህን ለማመን ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

የፈረንጅ እብደት ነው ብሎ ማለፍም አይቻልም። ጉግስ ሲጋለብ እልል ብለን አድገናል። በገና ጨዋታ ጭንቅላቱ የተፈነከተ እረኛ በጌታው ላይ የማይቆጣ፣ ጌታም በእረኛው ላይ ቂም የማይዝ ነበር። ሆኖም በገና ሜዳ ተመልካቹ ራሱ በሚቀጥለው ዙር ዱላ ይዞ ይገባ ነበር። ይህ ልዩነት ቀላል አይመስለኝም።

በዚሁ የሞተር ዓለም እንደ እኔ የተመለከቱ፣ ነገር ግን እንደ እኔ ያልተቀመጡ ሐኪሞች ነበሩ። ኤሪክ ጋርድነር የተባለው ሐኪም በብሩክላንድስ የውድድር ሜዳ የተፈነከተ ራስ ማየት ሰልችቶት የራስ ቁር አሠራ፤ በ1914 የአይል ኦፍ ማን ተወዳዳሪዎች ሁሉ ቁር እንዲያደርጉ ተገደዱ። በ1935 የዐረቢያው ሎውረንስ ከሞተር ወድቆ ሲሞት ከሐኪሞቹ አንዱ የነበረው ሂዩ ኬርንስ፣ ነገሩን ሳይረሳ በጦርነቱ ዘመን የሠራዊቱን ሞተረኞች አጥንቶ በ1941 ስለ ራስ ቁር ጥቅም ጽሑፍ አወጣ። በብሪታንያ ቁር ማድረግ ግዴታ የሆነው በ1973፣ እሱ ከሞተ በኋላ ነው። በእኛ ዘመን ደግሞ የማደንዘዣና የጽኑ ሕሙማን ሐኪም የነበረው ጆን ሃይንድስ በአየርላንድ ውድድሮች መድኃኒቱን ተሸክሞ፣ በራሱ ሞተር ተወዳዳሪዎቹን ከኋላ ይከተል ነበር። በጁላይ 2015 በዚሁ ሥራ ላይ ሳለ ወድቆ ሞተ። የታገለለት የሰሜን አየርላንድ የአየር አምቡላንስ ሥራ የጀመረው በ2017 ነው።

እኔ የአጥንት ሐኪም ነኝ። በደሴቲቱ ላይ ያሳለፍኋቸው ቀናት ሁሉ የዓመት ዕረፍቴ ነበሩ፤ አንድ ቀን እንኳ «ላግዛችሁ» ብዬ አልጠየቅሁም። ዕረፍት ላይ ነኝ እል ነበር። ከማን ነበር የማርፈው? እነዚያው አጥንቶች አጥር ላይ ሲቀርቡኝ ውበት፣ ጠረጴዛዬ ላይ ሲቀርቡኝ ሥራ ሆነው ነው የኖሩት።

ባለፈው ዓመት አልሄድሁም። ይህን እንደ ንስሐ እንዳትቆጥሩልኝ፤ በውድድሩ ቀን ማለዳ ተነሥቼ፣ ልጄ እንዳይሰማ የሬድዮኑን ድምፅ ዝቅ አድርጌ ጋራዡ ውስጥ ስሰማ ዋልሁ። የእጅ ሥራው አልቆ ስለነበረ የጸዳውን ካቴና እንደገና እያጸዳሁ። ለልጄም መልስ አልሰጠሁትም፤ መንጃ ፈቃዱን አላወጣም፣ እኔም «አይሆንም» ያልሁትን አላነሣሁም።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ሳልጠራው ወረደ። ግራሶውን አንሥቶ አየው፤ መልሶም አስቀመጠው። «የካቴናው ልቅነት እንዴት ነው የሚለካው?» አለኝ።

«ከታች፣ ከመካከሉ ላይ በጣትህ ወደ ላይ ግፋው። ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል መሄድ አለበት። ግን እኩል አያረጅም፤ አንድ ቦታ ከሌላው ይጠብቃል። የሚለካው እዚያ ነው።»

ተንበረከከ። እጁን ሊዘረጋ ሲል፣ «ሞተሩ መጥፋቱን አየህ?» አልሁት። በሚዞር ካቴና የተቆረጡ ጣቶችን መቁጠር ካቆምሁ ቆይቻለሁ። ቁልፉን ነቅሎ አሳየኝና ኪሱ ከተተው። ከዚያም ጎማውን በእጁ ቀስ ብሎ እያዞረ፣ ካቴናው የሚጠብቅበትን ቦታ መፈለግ ጀመረ።