ልጅ በጠየቀ ጊዜ፤ በዓልን በቤት ከልጆች ጋራ ስለ ማክበር የቀረበ ምክር



እግዚአብሔር የሰጣችሁን ልጅ ለማብላት ትደክማላችሁ፤ ለማልበስ ትጨነቃላችሁ፤ ፊደል ቈጥሮ፥ ትምህርት ቤት ገብቶ፥ ለወግ ለማዕረግ እንዲበቃ ገንዘባችሁን ታወጣላችሁ። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ የሚነቀፍም አይደለም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ እጠይቃችሁ ዘንድ ፍቀዱልኝ። በዓል በመጣ ጊዜ ልጃችሁ በዓሉ የማን እንደ ሆነ ያውቃልን? የሚያውቅስ ከሆነ ማን ነገረው?

ይህን የምጠይቃችሁ ከእናንተ የተሻልሁ ሆኜ አይደለም። በቤቴ የሆነውን ልንገራችሁ። በአንድ የልደት ቀን በግ ታርዶ፥ ቤቱ ቄጠማ ተጐዝጕዞ፥ እንግዶች ተቀምጠው ሲበሉ፥ አምስት ዓመት የሆነው ልጄ ወደ ጕልበቴ ተጠግቶ «አባባ፥ በዓል ምንድር ነው?» አለኝ። እኔም በጨዋታ ተይዤ ነበርና «ሥጋ የሚበላበት ቀን ነዋ» ብዬ መለስሁለት። እንግዶቹ ሣቁ፤ እኔም ሣቅሁ፤ ነገሩ በዚያው አለፈ። ዓመት ዞሮ ያው በዓል በደረሰ ጊዜ ግን ይኸው ልጅ በደጅ ተቀምጦ ታናሽ እኅቱን ሲያስተምር ሰማሁ። «በዓል ማለት ሥጋ የሚበላበት ቀን ነው፤ አባባ ነግሮኛል» ይላት ነበር። ያን ጊዜ ልቤ ተሰበረ። የማስተምረው ሳይመስለኝ አስተምሬው ነበርና፤ እርሱም የአባቱን ቃል አምኖ ዓመት ሙሉ ሳይረሳ ጠብቆት ነበርና።

እግዚአብሔር ግን ይህን የልጆች ጥያቄ አስቀድሞ ያውቀዋል። የኦሪትን መጽሐፍ ተመልከቱ። እስራኤል ከግብፅ ሲወጡ የፋሲካን ሥርዓት በሰጣቸው ጊዜ፥ ወደ ፊት ልጆቻቸው የዚህን ሥርዓት ምክንያት እንደሚጠይቋቸው ነገራቸው፤ የሚመልሱትንም መልስ አብሮ ሰጣቸው (ዘፀ. 12)። ኢያሱም ከዮርዳኖስ መካከል 12 ድንጋዮች አስወጥቶ በጌልገላ ያቆማቸው፥ ልጆች አይተው እንዲጠይቁ፥ አባቶችም እንዲመልሱ ነው (ኢያ. 4)። እንግዲህ አስተውሉ። በዓል የተሠራው ልጅ እንዲጠይቅበት ነው። እግዚአብሔር ጥያቄውን በልጁ አፍ፥ መልሱንም በአባትና በእናቱ አፍ አኖረ። ጥያቄው መምጣቱ አይቀርም፤ መልሱ ግን ካልተዘጋጀ በቦታው ቀልድ ይገባል።

ብዙ ሰው ግን «ሃይማኖት ማስተማር የካህኑና የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ሥራ ነው» ይላል። ይህ እውነት ቢሆንም ሙሉ እውነት አይደለም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ከ1600 ዓመት በፊት እያንዳንዱ ቤት ታናሽ ቤተ ክርስቲያን እንዲሆን አስተምሯል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም በ1964 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ባወጣው ትምህርት ክርስቲያን ቤተ ሰብን የቤት ቤተ ክርስቲያን ብሎ ጠርቶ፥ ለልጆች የመጀመሪያዎቹ የእምነት ሰባኪዎች ወላጆቻቸው እንዲሆኑ አዘዘ። ጢሞቴዎስ ጳጳስ ከመሆኑ በፊት እምነትን ያገኘው ከአያቱ ከሎይድና ከእናቱ ከኤውንቄ ቤት ነበር።

«እንዴት አድርጌ ላስተምር?» የሚል ቢኖር፥ አፈ ወርቅ ልጆችን ስለ ማሳደግ በጻፈው መጽሐፍ መንገዱን አሳይቶናል። በማታ፥ ልጁ ከትምህርቱ ባረፈበት ሰዓት፥ የአቤልንና የቃየልን ታሪክ በሚገባው ቃል ንገረው ይላል፤ እናቱም አብራ ተቀምጣ ታሪኩን ታድንቅ። በሌላ ማታ ደግሞ ልጁ ራሱ እንዲተርከው ጠይቀው። ከዚያ በኋላ ያ ታሪክ በሚነበብበት ቀን እጁን ይዘህ ወደ ቤተ ክርስቲያን ውሰደው፤ ሌሎች ልጆች የማያውቁትን እርሱ አስቀድሞ ስላወቀ በደስታ ሲዘል ታየዋለህ። ይኸው መምህር የሚያስፈራውን ነገር በጊዜው እንድናደርገው ሲመክር፥ ስለ ገሃነም ለመስማት 15 ዓመት እስኪሆነው ይቈይ ብሏል። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የምንጀምረው በማስፈራራት ነው።

ከዚህ ምክር ተነሥቼ ለእናንተ የማቀርበው ሥርዓት አጭር ነው። ዓመቱ ሳይገባ፥ በጳጉሜን ቀኖች፥ አንድ ደብተር ግዙ። በውስጡ 13ቱን ወሮች ጽፋችሁ በየወሩ አንድ ወይም ሁለት በዓል ምረጡ፤ ሁሉን ልያዝ የሚል ሁሉን ይጥላልና። የልጆቻችሁንም የክርስትና ቀን ጨምሩበት። ከዚያ በየበዓሉ አጠገብ ሦስት ነገር ጻፉ፤ አንድ ታሪክ፥ አንድ ሥራ፥ አንድ ጸሎት። ታሪኩን በዋዜማው ትነግሩታላችሁ፤ ሥራውን በዕለቱ አብራችሁ ትሠራላችሁ፤ በማግሥቱ ደግሞ «ትናንት ያከበርነው ምን ነበር?» ብላችሁ ልጁን ትጠይቁታላችሁ። ከበዓል ውጭ ባለው ሳምንት ደግሞ ቅዳሜ ማታ ሩብ ሰዓት ብቻ ለይታችሁ፥ በማግሥቱ እሑድ የሚነበበውን ወንጌል ንገሩት። ሩብ ሰዓት አልሁ፤ ልጅ ከደከመ በኋላ የሚነገረው ትምህርት መሰልቸትን እንጂ እምነትን አያተርፍምና።

ዕድሜውንም ለዩ። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ በትእምርተ መስቀል ማማተብን፥ አባታችን ሆይን፥ የእመቤታችንንም ሰላምታ ከእናቱ ጋራ እየደገመ ይማር። ወደ ሰባት ዓመት የደረሰውን በተመለከተ፥ ር. ሊ. ጳ. ፒዮስ 10ኛ በ1910 ባወጡት ትእዛዝ፥ ቅዱስ ቍርባንን ከተራ እንጀራ መለየት የሚችል ልጅ ከምሥጢሩ እንዳይከለከል ወሰኑ፤ መብቃቱንም የሚመለከቱት አባቱና የንስሐ አባቱ እንዲሆኑ አደረጉ። እንግዲህ የልጁን ነፍስ የማያውቅ አባት ይህን እንዴት ይመሰክራል? ከዚህ ዕድሜ በላይ የሆነው ደግሞ ራሱ ወንጌሉን ያንብብ፤ እናንተም ስሙት።

አሁን ዓመቱን ከእኔ ጋራ ዙሩ። መስከረም 17 የመስቀል በዓል ነው። በዋዜማው፥ ደመራው ሲበራ ልጅ ችቦ ይዞ ይሮጣል። ከመሮጡ በፊት ንግሥት እሌኒ የጌታን መስቀል እንዴት እንደ ፈለገች ንገሩት። ሥራውም ይህ ይሁን፤ የተጣሉ ወንድማማች በቤት ቢኖሩ ችቦው ከመለኰሱ በፊት ይታረቁ። ቂም ይዞ መስቀልን ማብራት ምን ይጠቅማል?

ስለ ልደት በዓል ጥቂት እቈያለሁ፤ የወደቅሁባት በዓል እርስዋ ናትና። ልደት ታኅሣሥ 29፥ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ 28 ይውላል። ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ በ1223 ግሬቾ በሚባል የጣልያን መንደር ግርግምን አዘጋጅቶ፥ በሬና አህያ አቁሞ፥ ሕዝቡ የጌታን ድህነት በዓይኑ እንዲያይ አደረገ። እናንተም ከልጆቻችሁ ጋራ በጭቃ በጎቹንና እረኞቹን ሥሩ፤ ግርግሙ ግን ባዶ ይሁን። በየማታው፥ ያን ቀን ለእናቱ የታዘዘ ወይም ለባልንጀራው ያካፈለ ልጅ አንዲት የሣር ቅጠል በግርግሙ ውስጥ ያኑር። በበዓሉ ሌሊት ሕፃኑን ኢየሱስን በዚያ ሣር ላይ አስተኙ። ልጁ ለጌታ አልጋ እንዳነጠፈ ያውቃል። በማዕዱ ላይ ደግሞ ለአንድ ድኃ ስፍራ ልቀቁ፤ ሳህኑንም ልጁ ራሱ ያቅርብለት። ከዚያ በኋላ ሥጋው ቢበላ ደስታ እንጂ ኃጢአት የለበትም።

ጥር 11 ጥምቀት ነው። በዚህ ቀን ልጃችሁን የክርስትና ስሙን አስታውሱት። በስንት ቀኑ እንደ ተጠመቀ፥ የክርስትና አባቱ ማን እንደ ሆነ፥ የስሙም ቅዱስ ምን እንዳደረገ ንገሩት። ጧፍ አብርቶ ይያዝ፤ እናንተ ሕፃን ሳለ ስለ እርሱ የመለሳችሁትን የሃይማኖት ቃል አሁን በራሱ አንደበት ይመልስ።

በጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ይቀቀላል። እናት ስትቀቅለው ልጆቹን በዙሪያዋ ሰብስባ ጌታ በዚያች ሌሊት ያደረገውን ትንገር። አባትም ውኃ በመታጠቢያ ቀድቶ፥ ነጠላውን አሸርጦ፥ ተንበርክኮ የልጆቹን እግር ይጠብ። እኔ ይህን ሳደርግ መጀመሪያ አፈርሁ፤ ልጄም እግሩን ሰበሰበ። ነገር ግን ጴጥሮስም እንዲሁ አፍሮ እንደ ነበረ በነገርሁት ጊዜ እግሩን ዘረጋ። ከዚያ ወዲህ ያን ወንጌል ሲሰማ ቀና ብሎ ወደ እኔ ያያል።

ነሐሴ 13 ደብረ ታቦር ነው። ልጆች ሆያ ሆዬ ይላሉ፤ ጅራፍ ያጮኻሉ፤ ሙልሙል ይቀበላሉ። ይህን ጨዋታ አትከልክሉ፤ ምሥጢሩን ግን ጨምሩበት። የችቦው ብርሃን በተራራው ላይ የበራውን የጌታን ፊት፥ የጅራፉም ድምፅ ከደመና የመጣውን የአብን ድምፅ ያሳስበናል በሏቸው።

ከቅዱሳን ወገን ደግሞ በሀገራችን የደከሙትን አትርሱ። ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ከጣልያን ተነሥቶ በ1839 ዓድዋ ደረሰ፤ የሀገሩን ቋንቋ ተማረ፤ እንደ ሀገራችን መነኰሳት በድህነት ኖሮ በ1860 በመንገድ ላይ ዐረፈ፤ በ1975 ቅዱስ ተባለ። የጎጃሙ ተወላጅ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል እውነትን ሲፈልግ የኖረ ሊቅ ነበር፤ ስለ እምነቱ ታስሮ በ1855 በሰንሰለት ሳለ ሞተ፤ በ1926 ብፁዕ ተባለ። ይህን ስትነግሩ ግን በኦርቶዶክሳውያን ዘመዶቻችሁና ጎረቤቶቻችሁ ላይ ጥላቻ እንዳትዘሩ ተጠንቀቁ። ደመራውን አብረን እናበራለን፤ ግዕዙን አብረን እናዜማለን፤ ልጅ ሃይማኖቱን ሲማር ማፌዝን መማር የለበትም።

በባዕድ ሀገር የምትኖሩ ሆይ፥ በዚያ ያለችው ቤተ ክርስቲያን ልደትን በዲሴምበር 25 ብታከብር ከእርስዋ ጋራ አክብሩ፤ ታኅሣሥ 29 በደረሰም ጊዜ ያባቶቻችሁን በዓል በቤታችሁ አድርጉ። ልጁ «ለምን ሁለት ጊዜ?» ብሎ ቢጠይቅ ደስ ይበላችሁ፤ ጥያቄው በሩን ከፍቶላችኋልና።

ምናልባት አንዱ «እኔ አልተማርሁም» ይላል። ሎይድስ በየትኛው ትምህርት ቤት ተማረች? የማታውቀውን ካህኑን ጠይቀህ በማግሥቱ መልስ፤ ልጅህም አባቱ ሲጠይቅ አይቶ መጠየቅን ይማራል። ሌላው «ጊዜ የለኝም» ይላል። ለእንግዳ፥ ለጨዋታ፥ ለመጠጥ የሚገኘው ጊዜ ሩብ ሰዓት አጥቶ አይደለም። ሌላው «ድኃ ነኝ» ይላል። ጭቃና ሣር ግን በገንዘብ አይገዛም።

አንተ ተማሪ ሆይ፥ ይህ ነገር የወላጆች ብቻ ነው ብለህ ወረቀቱን አትጣል። አባትህ ማንበብ የማይችል ቢሆን፥ ቅዳሜ ማታ ወንጌሉን በአክብሮት አንብብለት፤ ታናናሾችህንም ሰብስብ። ለአባትህ ክብር ነው፤ ለአንተም በረከት ነው።

ሁላችሁም ከሦስት ስሕተት ራቁ። በዓሉን ለልጅ ቍጣ አታድርጉት፤ በበዓል ቀን የተመታ ልጅ በዓሉን ከበትሩ ጋራ ያስታውሳልና። በብድር አታድምቁት፤ ዕዳው ከበዓሉ በኋላ ቤቱን ያውካልና። እናንተ ሳትጸልዩ ልጁን ጸልይ አትበሉት፤ ልጅ ከምትናገሩት ይልቅ የምትሠሩትን ያያልና።

የልጅነት ዘመን አጭር ነው። ዛሬ ጕልበታችሁን ይዞ የሚጠይቅ ልጅ ነገ ሌላውን ሄዶ ይጠይቃል፤ የተሰጠውንም መልስ ይዞ ይኖራል። የእኔ ልጅ ዛሬ በዓል ምን እንደ ሆነ ያውቃል፤ ነገር ግን የመጀመሪያውን መልሴን ከልቡ ለማውጣት ብዙ ዓመት ደከምሁ። እናንተ ይህን ድካም እንዳትደክሙ ዛሬ ማታ ጀምሩ።

በናዝሬት ቤት ለእናቱና ለዮሴፍ እየታዘዘ ያደገ፥ በ12 ዓመቱም ከወላጆቹ ጋራ ለበዓል ወደ ኢየሩሳሌም የወጣ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ፥ ቤታችሁን ቤቱ ያድርግ፤ ልጆቻችሁ በጠየቁ ጊዜም እውነተኛውን መልስ በአፋችሁ ያኑር። አሜን።