በግራ ክንድ የታቀፈው ሕፃን

በዓለም ከተማ ለእንግዳ በግራ እጁ ውሃ ያቀበለ ልጅ ከእናቱ ቁጣ አያመልጥም። ነገር ሲጠፋን «ግራ ገባን» እንላለን፤ ሽማግሌም ሲመርቅ «በቀኝ ያውላችሁ» ይላል። በፍርድ ቀን ጻድቃን በቀኝ፣ ኃጥኣን በግራ እንደሚቆሙ በወንጌል ተጽፏል። እንዲህ ባለ አገር ጌታችንን በግራ ክንድ አስታቅፎ መሣል ምን ያህል እንደሚያስቆጣ አንባቢ ሳይቸገር ይረዳዋል።

ይህን አደረገ የሚባለው በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ከቬኒስ የመጣው ሠዓሊ ኒኮሎ ብራንካሌዎን ነው፤ ባገራችን መርቆሬዎስ ይባል ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1520 ወደ ኢትዮጵያ የገባው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ፣ ሠዓሊውን ከአርባ ዓመት በላይ እዚህ ኖሮ ቋንቋችንንም ለምዶ አግኝቶታል። ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ በአትሮንስ ማርያም የሣላት ሥዕል ሕፃኑን በእናቱ ግራ ክንድ ላይ ስላሳየች ሕዝቡ ታወከ። ሥዕሏ ግን በቦታዋ ቆየች።

ያን ሕዝብ «ያልሠለጠነ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ እኛ ግን አንልም። ሰው ለማያከብረው ነገር አይቆጣም። ደግሞስ ባለፈው ዓመት አንድ የከተማችን ወጣት እመቤታችንን የመርሐ ቤቴ ባላገር ቀሚስ አልብሶ ቢሥል፣ «ሥርዐት አፈረሰ» ብለው ከነቀፉት መካከል እኛም ነበርንበት። ወጣቱ ሥዕሉን ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ወሰደው፤ ከዚያ ወዲህ ሲሥል አላየነውም።

ዳሩ ግን አክብሮት በክንዱ ላይ ነውን? እናት ቀኝ እጇ ሥራ አለበትና፣ ስታጎርስም ሆነ ዕቃ ስታነሣ፣ ልጇን የምትይዘው በግራዋ ነው። ይህን ለማየት ቬኒስ መሄድ አያሻም፤ ገበያ መውጣት ይበቃል። በአትሮንስ ማርያም የጮኹትም ሰዎች በዚያው ክንድ ታቅፈው ያደጉ ነበሩ።

ከሁሉ የሚደንቀው የኋላው ነገር ነው። ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን በሮማ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ያለችውን፣ ወንጌላዊው ሉቃስ ሣላት የምትባለውን ሥዕል ቅጂ አመጡ። በዚያችም ሕፃኑ ያለው በግራ ክንድ ላይ ነው። ዐፄ ፋሲለደስ በ1630ዎቹ ዓመታት ሚሲዮናውያኑን ከአገር አስወጡ፤ ሥዕሏ ግን ቀረች። የጎንደር ሠዓሊዎች እየደጋገሙ ሣሏት፤ ዛሬ «ምስለ ፍቁር ወልዳ» ብለን፣ የአበው ሥርዐት ናት ብለን የምንሳለማት የእርሷን መልክ ይዛ ነው።

ይህን ስንጽፍ ከእናታችን የወረስናትን፣ ከአልጋችን በላይ የተሰቀለችውን ሥዕል ቀና ብለን አየናት። ከልጅነታችን ጀምሮ ተሳልመናታል፤ ሕፃኑ በየትኛው ክንድ እንደ ተቀመጠ ግን እስከ ዛሬ ልብ ብለን አላየንም ነበር። በግራ ነው።