የጎረቤትን ምድር ስለ መመኘትና ለዚህም ስለሚሰጠው ምክንያት

የዮፍታሔ ታሪክ በዐውደ ምሕረት ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚተረከው ስለ ስእለቱና ስለ ልጁ ነው። ከስእለቱ አስቀድሞ ያለው ክፍል፥ ይኸውም ዮፍታሔና የአሞን ንጉሥ በመልእክተኞች የተከራከሩበት ነገር (መሳ. 11፥12-28)፥ እምብዛም ሲተረጐም አይሰማም። ክርክሩ ግን ሁለት ጎረቤታሞች ሕዝቦች ስለ አንድ ምድር ያደረጉት ስለ ሆነ ለአገራችን ሰው እጅግ የሚጠቅም ትምህርት አለበት።

ዮፍታሔ በገለዓድ ላይ አለቃ በተደረገ ጊዜ፥ ሰይፍ ከመምዘዙ በፊት ወደ አሞን ንጉሥ ልኮ ምን በድዬህ ልትወጋኝ መጣህ ሲል ጠየቀው። ንጉሡም እስራኤል ከግብፅ በወጣ ጊዜ ከአርኖን እስከ ያቦቅ ያለውን ምድሩን እንደ ወሰደበት ተናግሮ በሰላም እንዲመለስለት ጠየቀ። እዚህ ላይ የንባቡን ቅደም ተከተል ልብ ማለት ይገባል። የአሞን ልጆች ለጦርነት ተሰብስበው በገለዓድ የሰፈሩት በምዕራፍ 10 ፍጻሜ ነው፤ ምክንያታቸው የተነገረው ግን በምዕራፍ 11 ነው፤ ያውም በተጠየቁ ጊዜ። ሠራዊቱ ቀደመ፥ ምክንያቱ ተከተለ። ደግሞም የተነሡበት ሰዓት እስራኤል አምላኩን ትቶ የደከመበት፥ መሪም ያጣበት ሰዓት ነበረ። ስለዚህ ዮፍታሔ ብዙ የታሪክ ማስረጃ ካቀረበ በኋላ የሚያጸናው ነገር ይህ ነው፤ እስራኤል በእነዚያ ከተሞች 300 ዓመት ሲኖር ዝም ያላችሁ ስለ ምን ዛሬ ተነሣችሁ?

ይህን ጥያቄ ይዘን በኢትዮጵያና በሶማሊያ መካከል ወደ ተደረገው ጦርነት እንምጣ። ጦርነቱ በተነሣበት በ1969 ዓ/ም ሐዋሳ በሲዳሞ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበረች። ከምዕራብ ሶማሊያ ነፃ አውጪ ግንባር ጎን የተሰለፈው የሶማሌ አቦ ግንባር ባሌንና ሲዳሞን ጭምር ይጠይቅ ስለ ነበረ፥ ለዚህች ከተማ ሰው ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አልነበረም። ያን ጊዜ ከእርሻው ተነሥቶ፥ የጦር ትምህርት ለጥቂት ወራት ተምሮ ወደ ግንባር የሄደው ሚሊሺያ ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬ በሐዋሳ ቅዱስ ገብርኤል ቆመው ያስቀድሳሉ።

የሶማሊያን ምክንያት አቃለን ልናየው አይገባንም። ሶማሊያ በ1952 ዓ/ም ነፃ በወጣች ጊዜ በሰንደቅ ዓላማዋ ላይ የነበረው ባለ አምስት ማዕዘን ኮከብ፥ በአምስት ግዛት ተከፍለው የሚኖሩትን ሶማሌዎች የሚያመለክት ነበር፤ ከአምስቱም አንዱ ኦጋዴን ነው። ኢትዮጵያ በ1889 ዓ/ም ከእንግሊዝ ጋር፥ በ1900 ዓ/ም ከኢጣልያ ጋር የወሰን ውል ስታደርግ፥ ግመሉን እየነዳ ወደ ሐውድ ግጦሽ የሚወጣው ዘላን አልተጠየቀም። መስመሩ በውሃው ጕድጓድና በግጦሹ መካከል አለፈ። ይህ እውነተኛ በደል ነው፤ የተበደለውንም ሰው አልተበደልህም ማለት ሌላ በደል መጨመር ነው።

የሆነ ሆኖ የዮፍታሔ ጥያቄ ይቀራል። በደሉ የብዙ ዘመን ነው፤ የዚያድ ባሬ መደበኛ ጦር ወሰን ጥሶ የገባው ግን በሐምሌ 1969 ዓ/ም ነው። ስለ ምን ያን ጊዜ? የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አባሎች በ1956 ዓ/ም በካይሮ ተሰብስበው፥ ነፃነት ሲገኝ የነበረው ወሰን ይከበር ብለው ሲወስኑ ሶማሊያ አልቀበልም ብላለች፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ይህን የመሰለ ጦር አላዘመተችም። በኋላ ከሶቪየት ኅብረት በ1966 ዓ/ም የወዳጅነት ውል ተዋዋለች፤ ታንክና አውሮፕላንም አገኘች። በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ በመስከረም 1967 ዓ/ም ከዙፋን ወረዱ፤ የደርግ ሹማምንት በጥር 1969 ዓ/ም እርስ በርሳቸው ተገዳደሉ፤ በኤርትራ ጦርነት ይነድ ነበር፤ ከአሜሪካ ይመጣ የነበረውም የጦር ርዳታ ተቋረጠ። የጎረቤት ቤት ሲቃጠል ውሃ ይዞ መድረስ የጉርብትና ወግ ሲሆን፥ ያን ጊዜ እሳቱ እንደ መልካም አጋጣሚ ተቈጠረ። እንግዲህ በደሉ የጦርነቱ ሰበብ ሊሆን ይችላል፤ ሰዓቱን የመረጠው ግን ምኞትና ጕልበት ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ የጦርነትን ምንጭ ከሰው ምኞት ያገኘው (ያዕ. 4፥1-2) ስለዚህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከአምስቱ የኮከቡ ማዕዘን አንዱ የነበረችው ጅቡቲ፥ ጦሩ ኢትዮጵያ ከመግባቱ ከጥቂት ሳምንታት በፊት፥ ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ/ም፥ በሕዝቧ ድምፅ መሠረት ራሷን የቻለች አገር ሆነች። ወንድሞቻችንን ልንሰበስብ ነው የሚል ሁሉ፥ ወንድም ሌላ ሐሳብ ሊኖረው እንደሚችል ከዚህ ሊማር በተገባው ነበር።

የጦርነቱን አካሄድ ብዙዎች ያውቁታልና አላስረዝምም። ጅጅጋ በመስከረም 1970 ዓ/ም ተያዘች፤ ድሬዳዋና ሐረር ግን ጸኑ። ሶቪየቶች ወደ ኢትዮጵያ ዞሩ፤ የኩባ ወታደሮች መጡ፤ ጅጅጋም የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ/ም ተመለሰች። ነፃ ይወጣል የተባለው የኦጋዴን ሕዝብ ምን አገኘ? በመቶ ሺህ የሚቈጠር ነፍስ መንደሩን ጥሎ በሶማሊያ የስደተኞች ሰፈር ድንኳን ተከለ። ሁለቱ መንግሥታት ለመታረቅ የበቁት በመጋቢት 1980 ዓ/ም ነው፤ ሁለቱም ገዢዎች በአንድ ዓመት፥ በ1983 ዓ/ም፥ ከሥልጣናቸው ተባረሩ።

እስከዚህ ድረስ አንባቢ ሁሉ ይስማማኛል ብዬ እገምታለሁ። የሚከብደው ቀጥሎ ያለው ነው። ዮፍታሔ በአሞን ላይ ፍርድ ነበረው፤ በገዛ ልጁ ላይ ግን ፍርድ አልነበረውም። በድል በተመለሰ ጊዜ ልጁን ለስእለቱ ሰጠ፤ በምዕራፍ 12 ደግሞ ወገኖቹ በዮርዳኖስ መሻገሪያ ቆመው፥ አንዲት ቃል አጥርቶ መናገር ያቃተውን ኤፍሬማዊ ሁሉ ያርዱ ነበር፤ የሞቱትም 42 ሺህ ነበሩ። ካራማራ ላይ የወደቁት ስለ አገራቸው ወድቀዋልና ስማቸው በጸሎታችን ይታሰባል። ነገር ግን በእነዚያው ወራት፥ በቀይ ሽብር ስም፥ የአዲስ አበባና የሌሎች ከተሞች ወጣቶች በየመንገዱ ተጥለው ይታዩ ነበር፤ ቅዱስ ፓትርያርካችን አቡነ ቴዎፍሎስም በእስር ቤት ቈይተው በ1971 ዓ/ም ተገደሉ። የወሰን ጠባቂነት እውነት የገዛ ልጅን ደም አያነጻም። ሰውን በአነጋገሩ ለይቶ መግደልም በዮርዳኖስ መሻገሪያ እንዳልቀረ እኛው በዘመናችን አይተናል።

ካህናት ሆይ፥ ምክንያትን የሚያበጁት ነገሥታት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኤልዛቤል የናቡቴን የወይን ቦታ ለማስወሰድ በፈለገች ጊዜ ያሳወጀችው ጦርነት ሳይሆን ጾም ነው (1ነገ. 21፥9)። በ1928 ዓ/ም ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜም የሚላኖው ካርዲናል ሹስተር በቤተ ክርስቲያን ቆመው ወረራውን የወንጌልና የሥልጣኔ ሥራ አድርገው አወደሱ። ያ ሥራ ምን እንደ ሆነ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን አዲስ አበባ ላይ በተገደሉት በአቡነ ጴጥሮስ ደም ታወቀ።

እንግዲህ ሌላውን የሰፈርንበት መስፈሪያ ለእኛም ይመጣል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1883 ዓ/ም ለአውሮፓ ነገሥታት በጻፉት ደብዳቤ የጥንቱን የኢትዮጵያ ወሰን እስከ ካርቱምና እስከ ኒያንዛ ሐይቅ አድርሰውት ነበር። ጥንት የእኛ ነበረ የሚለው ቃል በሶማሌ አፍ ወረራ፥ በእኛ አፍ ታሪክ ሊባል አይችልም። ከኤርትራ ጋር ከ1990 እስከ 1992 ዓ/ም በተደረገው ጦርነት በብዙ አሥር ሺህ የሚቈጠሩ የአንድ ማዕድ ልጆች፥ በአንድ ሥርዓተ ቅዳሴ የሚቀድሱ ሕዝቦች ልጆች፥ አልቀዋል። አሁን ደግሞ ስለ ባሕር በር በየቤቱ ይነገራል። ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ/ም ወዲህ ባሕር የሌላት አገር መሆኗ ከባድ ጕዳት ነው፤ መጠየቅም፥ መነጋገርም፥ መዋዋልም የተገባ ነው። ወጣቶች ወደ ንስሐ አባታቸው መጥተው፥ አባ፥ በጦር ብንወስደው ኃጢአት ነውን ብለው ቢጠይቁ ግን መልሱ ከጋዜጣ የሚቀዳ አይደለም።

መልሱ ዮፍታሔ ራሱ በላከው ቃል ውስጥ አለ። እስራኤል ከግብፅ ሲወጣ በኤዶምያስ ምድር ለማለፍ ለመነ፤ በንጉሡ ጐዳና ብቻ ልሂድ፥ እርሻና ወይን አልነካም፥ ለምጠጣውም ውሃ ዋጋ እከፍላለሁ አለ። ኤዶምያስ እንቢ አለ፤ ሠራዊትም ይዞ ወጣበት (ዘኍ. 20፥14-21)። ጕልበት ባይጐድለውም፥ ከዔሳው ልጆች ምድር የጫማ መርገጫ ታህል እንኳ እንደማይሰጠው እግዚአብሔር ነግሮት ነበርና (ዘዳ. 2፥5) አልተዋጋም። ሕዝቡ ዞሮ በምድረ በዳ በኩል የረጅሙን መንገድ ያዘ። ከመንገዱም ርዝመት የተነሣ ነፍሱ ተሰለቸች፥ አጕረመረመም፤ ትእዛዙ ግን አልተለወጠም።