ማንንም አለመጉዳት ይበቃልን?

እግዚአብሔርን በፍጹም ልብ መውደድና ባልንጀራን እንደ ራስ መውደድ የማይነጣጠሉ ሁለት ትእዛዛት መሆናቸውን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ተምረናል። ሆኖም ሁለቱን አስማምቶ መፈጸም የሚከብድበት ጊዜ አለ። ባልንጀራችን ለእግዚአብሔር ብቻ ይገባል የምንለውን አምልኮ ለሌላ የሚያቀርብ ሲሆን፣ እምነታችንን ሳናጎድል እርሱን የምናከብረው እንዴት ነው?

ጥያቄውን ያለ ምክንያት አላነሣነውም። በእንግሊዝና በአሜሪካ በራሳቸው ቋንቋ «ዊች» ነን ብለው በግልጽ የሚናገሩ ሰዎች አሉ። በእነዚያ አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን በሥራ ቦታ፣ ልጆቻቸውም በትምህርት ቤት ያገኟቸዋል። አንድ ወጣት ወደ ትምህርተ ክርስቶስ መምህሩ ቀርቦ «ጓደኛዬ ጠንቋይ ነኝ ትላለች፤ ነገር ግን ደግ ናት፤ ማንንም አትጎዳም፤ ታዲያ ጥፋቷ ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ይመልስለታል? በቁጣ ማለፍ ቀላል ነው፤ «ሁሉም አንድ ነው» ብሎ ማለፍም እንዲሁ ቀላል ነው። ሁለቱም ግን መልስ አይሆኑም።

እነማን ናቸው?

በመጀመሪያ ቃሉ ራሱ ያሳስተናል። እኛ «ጠንቋይ» ስንል ገንዘብ ተቀብሎ የተሰወረውን እገልጣለሁ የሚለውን፣ «መተተኛ» ስንል ደግሞ በስውር ሌላውን የሚያጠቃውን እናስባለን። እነዚህ ሰዎች ግን ስለ ራሳቸው የሚናገሩት ከዚህ የተለየ ነው።

ከእነርሱ መካከል በይበልጥ የታወቀው «ዊካ» የሚባለው እምነት ነው። በእንግሊዝ የ1735ቱ የጥንቆላ ሕግ በ1951 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ከተሻረ በኋላ፣ ጄራልድ ጋርድነር የተባለ ጡረታ የወጣ የጉምሩክ ሹም በ1954 ባሳተመው መጽሐፍ እምነቱን ለሕዝብ አስተዋወቀ። ዶሪን ቫሊየንቴ የተባለች ሴት ደግሞ ከሥርዓተ አምልኮው ብዙውን ክፍል ጻፈች። ጋርድነር ከጥንት የተረፈ ሃይማኖት አገኘሁ ቢልም፣ የታሪክ ሊቃውንት በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተደራጀ አዲስ እምነት መሆኑን ያስረዳሉ፤ ከተከታዮቹም ይህን የሚቀበሉ ብዙዎች ናቸው። በ2021 በተደረገው ቆጠራ በእንግሊዝና በዌልስ 74 ሺህ ያህል ሰዎች «ፔጋን»፣ 13 ሺህ ያህል ደግሞ «ዊካ» ብለው ሃይማኖታቸውን አስመዝግበዋል። ፔጋን የሚለው ስም ብዙ ወገኖችን ያቅፋል፤ ሁሉም አስማት አያደርጉም፣ በአንድ ሥርዓትም አይመሩም።

የዕለት ተዕለት ልማዳቸው አብዛኛውን ጊዜ ጸጥተኛ ነው። በቤት ጥግ ትንሽ መሠዊያ ያዘጋጃሉ፤ ሻማ ያበራሉ፤ ዕፅዋትን ያጥናሉ፤ የጨረቃን ሙላት ይጠብቃሉ፤ በዓመት ስምንት የወቅት በዓላትን ያከብራሉ። ሰይጣን የክርስቲያኖች ትምህርት ነው ስለሚሉ «ሰይጣንን ታመልካላችሁ» መባላቸውን ብዙዎቹ በጽኑ ይቃወማሉ።

በመካከላቸውም የመከባበር ደንብ አለ። ከዊካ ተከታዮች ብዙዎቹ ማንንም እስካልጎዳ ድረስ ሰው የፈቀደውን ያድርግ የሚል መመሪያ ይቀበላሉ። ሌላው ሰው ሳይፈቅድ፣ ለፈውስ እንኳ ቢሆን፣ በእርሱ ላይ ሥርዓት መፈጸም አይገባም የሚሉ አሉ። የባልንጀራቸውን እምነት ለሌላ አሳልፈው አይናገሩም፤ ሥራውን ወይም ቤተሰቡን ሊያሳጣው ይችላልና።

መልካሙንና የጎደለውን መለየት

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ባወጣው መግለጫ ቤተ ክርስቲያን በሌሎች ሃይማኖቶች ውስጥ ያለውን እውነተኛና ቅዱስ ነገር እንደማትጥል አስተምሮናል። ስለዚህ የሌላውን ፈቃድ ማክበር፣ ምሥጢርን መጠበቅ፣ ፍጥረትን በአድናቆት መመልከት መልካም ነው ከማለት ወደ ኋላ አንልም። እኛ የምናምን ስንቶቻችን ነን የባልንጀራችንን ምሥጢር እንዲህ የምንጠብቅ?

ነገር ግን «ማንንም አለመጉዳት» ለሰው ሕይወት ይበቃልን? ከኢያሪኮ መንገድ አጠገብ ቆስሎ የወደቀውን ሰው አይተው ያለፉት ካህንና ሌዋዊ አልጎዱትም (ሉቃ. 10)። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 በግራ የቆሙትም የተከሰሱት ስላደረጉት ክፋት ሳይሆን ስላላደረጉት በጎ ነገር ነው፤ የተራበ አላበሉም፣ የታሰረ አልጠየቁም። አለመጉዳት ለፈቃዳችን ወሰን ያበጅለታል፤ ፈቃዳችን ለምን እንደተሰጠን ግን አይነግረንም። በእርግጥ ከእነዚያ ሰዎች ድኻን የሚረዱ አሉ፤ እነርሱም ከመመሪያው አልፈው ሄደዋል። ፍቅር ሁልጊዜ ከአጥር በላይ ነውና።

ሁለተኛው ልዩነት ይበልጥ ጥልቅ ነው። በእነርሱ ዘንድ ያለ ፈቃድ ፈውስ እንኳ አይገባም የተባለው፣ በሌላው ሰው ላይ ኃይልን መያዝ አደገኛ መሆኑን ስለተረዱ ነው። ማስተዋላቸው ትክክል ነው። እኛ ግን ለታመመው ሰው ሳናስፈቅደው እንጸልያለን። ለምን? ጸሎት በሰውዬው ላይ ኃይል አይሰጠንም፤ እርሱን በሚወደው በእግዚአብሔር እጅ ያኖረዋል እንጂ። አስማት የሚሻውን ለማግኘት ኃይልን ይዞ ይሠራል፤ ጸሎት ይለምናል፤ ከለመነም በኋላ፣ ጌታችን በጌቴሴማኒ እንዳደረገው፣ ፈቃዱን ለአብ ይተዋል። የቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ (ቁ. 2117) ስውር ኃይላትን ለመግዛት የሚደረግን አስማት ሁሉ፣ ለጤንነት እንኳ ቢሆን፣ የሚከለክለው በዚህ ምክንያት ነው። የሚፈራው ሻማው ወይም ቅጠሉ አይደለም፤ ሰው ከአባቱ እጅ ወጥቶ ራሱን የራሱ መጠጊያ ማድረጉ ነው።

እዚህ ላይ ራሳችንንም እንመርምር። ክታብ በአንገቱ አስሮ ወደ ቁርባን የሚቀርብ ከእኛ መካከል የለምን? መቁጠሪያን ሳይጸልዩበት በመኪና ውስጥ እንደ መከላከያ የሚሰቅል፣ ጠበልን ያለ ንስሓና ያለ እምነት እንደ መድኃኒት ብቻ የሚቆጥር የለምን? ያው ትምህርተ ክርስቶስ (ቁ. 2111) የጸሎትን ኃይል ከልብ ለይቶ ለውጫዊ ድርጊት ብቻ መስጠት አጉል እምነት መሆኑን ያስጠነቅቃል። እንግዲህ በልመናና በአስማት መካከል ያለው ድንበር በእኛም ልብ ውስጥ ያልፋል።

በሐሰት አለመመስከር

«ጠንቋይ» የሚለው ቃል ደም ያፈሰሰ ቃል ነው። ከ15ኛው እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ ከ40 ሺህ እስከ 50 ሺህ የሚገመቱ ሰዎች በዚህ ክስ ተገድለዋል፤ የሚበዙት ሴቶች፣ በአብዛኛውም የተጠመቁ ክርስቲያኖች ነበሩ። ፈራጆቹ ካቶሊካውያንም ፕሮቴስታንቶችም ነበሩ። የተከሰሱትን ይናዝዝ የነበረው ኢየሱሳዊ ካህን ፍሪድሪክ ሽፔ በ1631 ስሙን ሳይገልጽ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሥቃይ ንጹሑን ሰው ያላደረገውን እንደሚያናዝዘው አስረዳ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም መጋቢት 12 ቀን 2000 (እ.ኤ.አ.) የቤተ ክርስቲያን ልጆች በእውነት ስም ወንጌል በማይፈቅደው መንገድ ስላደረጉት በደል ይቅርታ ለምነዋል።

በአገራችንም ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ» እየተባሉ ከጎረቤት ማዕድና ከጋብቻ ሲገለሉ ኖረዋል። የሰውን ስም በጥርጣሬ ማጥፋት በእግዚአብሔር ትእዛዝ የተከለከለ ኃጢአት ነው፤ የሚጠፋው ስም የአማኝ ይሁን የአረማዊ ልዩነት የለውም።

ስለዚህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህሩ ለወጣቱ እንዲህ ሊመልስለት ይችላል። ጓደኛህን አትሽሽ፤ የማታምነውን ታምናለች ብለህ አትናገርባት፤ እምነቷን በአደራ ከነገረችህም ምሥጢሯን ጠብቅ። በሥርዓቷ ግን አትካፈል፤ ስትጋብዝህ ሳታፌዝና ሳትፈራ «እኔ የምታመነው በክርስቶስ ነው» በላት። ምክንያቱን ብትጠይቅህ በየዋህነት ንገራት፤ ባትጠይቅህም ጸልይላት። ደግነቷን ስታይ ቅር አይበልህ፤ በጎ ነገር ሁሉ ከማን እንደሚወጣ አንተ ታውቃለህና።

ከሁሉ የሚበልጠው ምስክርነት ግን ኑሯችን ነው። ማንንም ሳይጎዱ የሚኖሩ ሰዎች በአጠገባችን ሲኖሩ፣ ከእኛ የሚጠበቀው ከዚያ ያነሰ ሊሆን አይችልም። የወደቀውን አይተን እንዳናልፍ፣ በእጃችን ኃይል ሳይሆን በአባታችን ቸርነት እንድንታመን እግዚአብሔር ይርዳን። አሜን።